በወረቀት 96፣ በሐዲድ 30፦ የአንዲት ገጠር ጣቢያ ሞዴል ታሪክ

«አጎቴ፣ አሁን በየት በኩል ነው የሚመለሰው?»

ጠያቂዋ የእህቴ ልጅ ናት። 11 ዓመቷ ነው። ጥያቄው የመጣው ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ጠጠሩ በኮላ ተይዞ፣ የጣቢያው ቤት ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው። ባቡሩ ሁለት የመንገደኛ ፉርጎ እየጎተተ ገብቶ ከመድረኩ አጠገብ ቆሟል። ከፊቱ የመስመሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም።

«ሎኮሞቲቩ ይፈታና በጎን ዞሮ ከኋላ ይቀጠላል» አልኳት፣ ኮራ ብዬ። ይህቺን ቅጽበት ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ፈታሁት። ወደፊት ሄደ፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሳልፈውን መቀየሪያ አልፎ ቆመ፣ ከዚያ ከጎን ባለው ማለፊያ ሐዲድ ወደኋላ መመለስ ጀመረ። ደህና ይሄድ ነበር። ልክ ሊወጣ ሲል የኋለኛውን ፉርጎ ጥግ ገጨው። ፉርጎው ከሐዲዱ ወርዶ በጎኑ ተኛ።

«ፉርጎዎቹን ወደፊት አስጠጋቸው» አለችኝ። አስጠጋኋቸው። አሁን ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ሎኮሞቲቩ መግቢያ አጣ።

ስድስት ወር የለፋሁባት ጣቢያ አንዱን ዋና ሥራዋን መሥራት አትችልም። ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ምን እንዳፈረስኩና ምን እንደቀረ ነው።

ዕቅዱ

ቅርንጫፍ መስመር ከዋናው የባቡር መስመር ተገንጥሎ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ የሚያልቅ ነው። ባቡሩ አጭር ነው፤ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ፉርጎ። በቀን የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። ቦታ ለሌለው ሞዴል ሠሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። የትልቅ ከተማ ጣቢያ ልሥራ ብትል አዳራሽ ያስፈልግሃል።

እኔ የተለከፍኩት በእንግሊዝ አገር፣ በደቡብ ዴቨን የምትገኘውን የአሽበርተን ጣቢያ ፎቶ ሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ተከፈተች። የመንገደኛ ባቡር በ1958 ቀረ፣ የጭነቱ ደግሞ በ1962። ፎቶው ላይ ያለው አንድ መድረክ፣ ከላዩ የእንጨት ጣሪያ፣ ትንሽ የጭነት ግቢ ነው። በቃ። በ1963 ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ ያቀረቡት ሪፖርት ደግሞ በዚያው አገር ከ2300 በላይ ጣቢያዎችና ወደ 8000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ይዘጋ አለ። ብዙ ሞዴል ሠሪዎች እስከዛሬ የሚሠሩት እንዲህ ተዘግተው የቀሩትን ነው።

የእኔዋ ጣቢያ ግን በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። ከአሽበርተን የወሰድኩት መንፈሱን ብቻ ነው፤ የእውነተኛ ቦታ ቅጂ መሥራት ትዕግሥቴን ይፈታተነዋል።

የመረጥኩት መጠን ኤችኦ ነው፣ ማለትም 1 ለ 87። የእውነተኛው መደበኛ ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል። የሚታየውን ክፍል በሁለት የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ሠራሁት። እያንዳንዱ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ተገጣጥመው 2 ሜትር ከ40 ይሆናሉ። በእውነተኛው ዓለም ሲሰላ ይህ 209 ሜትር ገደማ ነው። የጣቢያ ግቢ 350 ሜትር ቢሆን በሞዴል 4 ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሳጠር ግድ ነበር። ባቡሩ ከመንገድ ድልድይ ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ ከድልድዩ ጀርባ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተደበቀ ሰሌዳ አለ። እሱ «የቀረው ዓለም» ነው።

ችግሩ አምስት መቀየሪያ ማስገባቴ ነው። ሁለቱ ለማለፊያው ሐዲድ፣ ሁለቱ ለጭነት ግቢው፣ አንዱ ለሎኮሞቲቭ ማደሪያው። የሎኮሞቲቭ ማደሪያ ለምን አስፈለገ? ቆንጆ ስለሆነ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

33 ሴንቲ ሜትር የት ገባ?

ያን ቀን ማታ ሜትር ይዤ ቁጭ አልኩ። ዕቅዱ ላይ «ማለፊያ ሐዲድ፣ 96 ሴ.ሜ.» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለቱ ፉርጎዎች አንድ ላይ 38 ሴንቲ ሜትር ናቸው። 96 ውስጥ 38 እንዴት አይገባም?

96 የለካሁት ከአንዱ መቀየሪያ ምላስ እስከ ሌላኛው ምላስ ነበር። ምላሱ ማለት ባቡሩን ወዲህ ወይም ወዲያ የሚመራው የሚንቀሳቀሰው ቀጭን ሐዲድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ግን ሁለቱ መንገዶች ገና አንድ ናቸው። ቀስ እያሉ ነው የሚለያዩት። የተጠቀምኩበት መቀየሪያ ራሱ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እሱ ሲያልቅ እንኳ በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ያለው ርቀት ሁለት ፉርጎ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሌላ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለብህ። ሲደመር 33። በሌላኛው ጫፍም 33። ከ96 ላይ 66 ሲነሳ 30 ይቀራል።

30 ሴንቲ ሜትር ላይ 38 ሴንቲ ሜትር ባቡር አስቀምጬ ነበር ለካ።

በእውነተኛው የባቡር መስመር ይህ ቦታ የሚታወቅ ነው። ሁለቱ ሐዲዶች በበቂ ከተራራቁበት ነጥብ ላይ መሃል ለመሃል ምልክት ይተከላል፤ ፉርጎ ከዚያ ምልክት አልፎ መቆም የለበትም። እኔ ይህን ምልክት ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። እንዲያውም ከክብሪት እንጨት ሠርቼ፣ ነጭ ቀብቼ ለመትከል ዝግጁ አድርጌው ነበር። የት እንደሚተከል ግን ለክቼ አላውቅም።

ለምን ቀደም ብሎ አልታወቀም? ፈተሽኩ ስል የነበረው ሎኮሞቲቩን ብቻውን እያስኬድኩ ነው። ብቻውን የትም ይደርሳል፣ በሁሉም መቀየሪያ ያልፋል። ፉርጎ የቀጠልኩለት ጠጠሩ ከተጣበቀ በኋላ ነው። ዕቅዱም በወረቀት ላይ አምሮ ስለነበር ልጠራጠረው አልፈለግኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ሦስት አማራጭ

የመጀመሪያው ባቡሩን ማሳጠር ነበር። አንድ ፉርጎ ብቻ ይምጣ። አንድ ፉርጎ ያለው ባቡር በቅርንጫፍ መስመር ላይ ያልተለመደ አይደለም፤ ማንም አይስቅብኝም። ግን የጭነቱ ባቡርም አለ። ሦስት የጭነት ፉርጎና አንድ የጠባቂ ፉርጎ በአጋጣሚ ያው 38 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሁለቱንም ካሳጠርኩ የሚቀረው ምንድን ነው?

ሁለተኛው መቀየሪያዎቹን በአጫጭሮቹ መተካት ነበር። የእኔዎቹ ኩርባ 91 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ አለው። 61 ራዲየስ ያላቸው እያንዳንዳቸው 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል ናቸው። በሁለቱ ጫፍ ተደምሮ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ አተርፋለሁ። 30 ላይ ሲጨመር 37 ነው፤ 38ቱ አሁንም አይገባም። በዚያ ላይ ረዘም ያለ ፉርጎ በጠባብ ኩርባ ላይ ሲሄድ ጥጉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አያምርም።

ሦስተኛው የቀኙን መቀየሪያ ነቅሎ ወደ ሁለተኛው ሰሌዳ ማሻገር ነበር። መጀመሪያ እዚያ ያላስቀመጥኩት መቀየሪያ በሁለት ሰሌዳ መገጣጠሚያ ላይ መተኛት ስለማይችል ነው፤ ሰሌዳዎቹ ሲለያዩ ይሰበራል። መገጣጠሚያውን ዘልዬ እንዳልሄድ ደግሞ ሁለተኛው ሰሌዳ በጎን ሐዲዶችና በዚያ ቆንጆ የሎኮሞቲቭ ማደሪያ ተሞልቷል። አሁን ማደሪያው ይነሳል፣ ከሁለቱ የጭነት ሐዲዶች አንዱም ይነሳል። መቀየሪያው ከ118ኛው ሴንቲ ሜትር ወደ 155ኛው ይሄዳል። ከምላስ እስከ ምላስ 133 ይሆናል። 66 ሲነሳለት 67 ይቀራል። 38ቱ ገብቶ ትርፍ አለው።

ሁለት ሳምንት አንገራገርኩ። ማደሪያዋን በካርቶን የሠራኋት ጡብ በጡብ እየሳልኩ ነበር። በመጨረሻ ሦስተኛውን መረጥኩ።

ማፍረስ

በነጭ ኮላ የተያዘ ጠጠር ደረቅ ሳለ ድንጋይ ነው። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጠብታ የሳህን ሳሙና ጨምሬ በመርጫ አራስኩት። 20 ደቂቃ ጠበቅኩ። ያኔ እንደ ገንፎ ለሰለሰ። በአሮጌ የቀለም መፋቂያ ከአግዳሚዎቹ ሥር እየገባሁ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ከመቸኮል የተነሳ አንዱን መቀየሪያ ምላሱን አጥፌዋለሁ። የቀሩት አራቱ በጥርስ ብሩሽ ታጥበው ተረፉ። ኮምፔንሳቶው ግን ውሃውን ጠጥቶ ትንሽ አብጧል። ሦስት ቀን ካደረቅኩት በኋላ ውሃ ልክ ባስቀምጥበት አሁንም አንድ ቦታ ጉብ ይላል። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት።

አሁን ሁለት ሐዲድ የሰሌዳውን መገጣጠሚያ ያቋርጣል። ይህ ቦታ ሞዴል ሠሪን የሚፈትን ነው። የሐዲዱ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ጎማው ይወጣል። ያደረግኩት እንዲህ ነው። በመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ፣ ከእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር አንድ አንድ የነሐስ ብሎን አስገባሁ። በካቻቢቴ ዝቅ ከፍ እያደረግኩ አናቱ የሐዲዱን ሆድ በትክክል እስኪነካ አስተካከልኩ። ከዚያ ሐዲዱን ሳልቆርጥ፣ መገጣጠሚያውን እንደተሻገረ፣ ከብሎኖቹ ጋር በሊድ በየድኩት። መጨረሻ ላይ በቀጭን መጋዝ መሃሉን ቆረጥኩ። መጀመሪያ ተበይዶ በኋላ ስለተቆረጠ ሁለቱ ጫፎች ሊዛነፉ አይችሉም። በግልባጩ፣ ቆርጦ ከዚያ መበየድ፣ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ።

የኤሌክትሪኩ ነገር በዚሁ አጋጣሚ ተስተካከለ። መቀየሪያ ውስጥ ሁለት ሐዲዶች የሚቋረጡበት መስቀለኛ ቦታ አለ። የእኔዎቹ ላይ ያ ቦታ ፕላስቲክ ስለነበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ትልቅ ሎኮሞቲቭ በብዙ ጎማው ይዘለዋል። የእኔዋ ስድስት ጎማ ያላት፣ 11 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ትንሽ ናት፤ ቀስ ብላ ስትገባ እዚያው ቀጥ ትላለች። ያኔ በጣት መግፋት ነው። በጣት የሚገፋ ባቡር ደግሞ የጣቢያውን ድባብ ሁሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ ለማለፊያው ሐዲድ ሁለት አዲስ፣ መስቀለኛው ብረት የሆነ መቀየሪያ አደረግኩ። ምላሱ ሲንቀሳቀስ አብሮት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይገፋል፤ እሱ ለመስቀለኛው ትክክለኛውን የኤሌክትሪክ ጫፍ፣ ፖዘቲቩን ወይም ኔጌቲቩን፣ ይሰጠዋል። ማብሪያው ከምላሱ በፊት ከቀደመ ሾርት ነው። ማስተካከያው አንድ ሙሉ ማታ ፈጀ።

ዲጂታል መቆጣጠሪያ ለምን አላስገባህም የሚሉኝ አሉ። አንድ ሎኮሞቲቭ ላላት ጣቢያ ምን ያደርጋል?

ከተደበቀው ሰሌዳ ላይ የምወደው ነገር መቀርቀሪያው ነው። ሰሌዳው በአንድ ጫፉ ላይ እንደ በር ይዞራል፤ ላዩ ላይ ሦስት ሐዲድ አለ፤ የፈለግኩትን ከድልድዩ ሐዲድ ጋር አገጥማለሁ። የሚያገጥመው ተራ የነሐስ የበር መቀርቀሪያ ነው። ሲቀረቀር ሐዲዱን ያስተካክላል፣ ኤሌክትሪኩንም ያሻግራል። ካልተቀረቀረ ኤሌክትሪክ የለም፤ ባቡሩም ገደል አይገባም።

ሳር፣ ዛፍ፣ አጥር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እዚህ አላነሳም። ሁሉም ሰው የራሱ ዘዴ አለው። አንድ ነገር ብቻ። የዕቃ ማከማቻው ቤት ተገጣጣሚ ሆኖ የተገዛ ነው፤ መጠኑ 1 ለ 76 መሆኑን ያየሁት ከገጠምኩት በኋላ ነው። እንግሊዞች በዚያው በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ከፍ ያለ መጠን ይጠቀማሉ። 2 ሜትር የሆነ በር በኔ መጠን 23 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 26 ሆኗል። ሦስት ሚሊ ሜትር ምንም ይመስላል። ሰው አጠገቡ ስታቆም ግን በሩ የቤተ መንግሥት በር ይሆናል። መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ነበር። ወደ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ አመጣሁት። ቅርብ ያለ ነገር ትልቅ ቢመስል ዓይን ይቅር ይላል፤ ሩቅ ያለ ሲተልቅ ነው የሚከፋው። የቆሙትን ሰዎችም ከበሩ አራቅኳቸው።

አሁን እንዴት ትሠራለች?

በእውነቱ ሐዲድ በመቀነሱ ሥራው በዛ። ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

የቀረው አንድ የጭነት ሐዲድ አፉ ወደ ድልድዩ ነው። ስለዚህ የጭነት ባቡር ሲመጣ ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን እየጎተተ ቢገባ እዚያው ይታሰራል። መጀመሪያ ጣቢያው ድረስ መግባት፣ መፈታት፣ በማለፊያው ሐዲድ ዞሮ ከኋላ መቀጠል፣ ሁሉንም ወደ ድልድዩ መጎተት፣ መቀየሪያውን መለወጥ፣ ከዚያ ወደ ግቢው መግፋት አለበት። ወደ ድልድዩ ሲጎተት ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ገብቶ ይጠፋል፤ የሚታዩት ፉርጎዎቹ ብቻ ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ፉርጎዎቹ ራሳቸው ወደኋላ መምጣት ይጀምራሉ። የማያውቅ ሰው ሲያይ ይገርመዋል።

ፍጥነቱንም ቀነስኩ። ባቡር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሞዴል በሰከንድ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፉርጎ ሲገፋ ግን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር በቂ ነው፤ በሰከንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። 40 ሴንቲ ሜትር ለመግፋት 16 ሰከንድ ይወስዳል። ቁጭ ብለህ ስታየው 16 ሰከንድ ረጅም ነው። 2 ሜትር ከ40 ሰሌዳ ሰፊ አገር የሚመስለው ያኔ ነው።

ሐዲድ ሲያንስ ጨዋታ ያንሳል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ አለን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ የሠራትን ትንሽ የጭነት ግቢ ይመልከት። ኢንግልኑክ ትባላለች። ያላት ሁለት መቀየሪያና ሦስት ሐዲድ ነው። አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። በላያቸው ላይ 8 ፉርጎ አለ። ከስምንቱ አምስቱን በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል መደርደር ነው ጨዋታው። ሊወጣ የሚችለው ቅደም ተከተል 6720 ዓይነት ነው። በሁለት መቀየሪያ! እኔ በአምስት አንድ ባቡር እንኳ ማዞር አቅቶኝ ነበር።

በእኔ ጣቢያ አንድ «ቀን» 50 ደቂቃ ነው። አራት የመንገደኛ ባቡር፣ አንድ የጭነት። የእህቴ ልጅ ፉርጎ ለፉርጎ ካርድ ጽፋለች፤ የቱ እንደሚቀር፣ የቱ እንደሚወሰድ ካርዱ ይነግራል። ነጯን ምልክት የተከለችውም እሷ ናት። ሁለት ፉርጎ በሁለቱ ሐዲድ ላይ እየገፋች፣ የማይነካኩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጋ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ጨምራ ተከለቻት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ላደርገው ይገባ የነበረውን።

ያልተስተካከለም አለ። ውሃ ጠጥቶ ያበጠው ቦታ አየሩ ሲለዋወጥ ተመልሶ ጉብ ይላል፤ የጠባቂው ፉርጎ ቀላል ስለሆነ እዚያ ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል። ሆዱ ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ድብልብል ጨመርኩበት። ተሽሎታል እንጂ አልዳነም።

የሎኮሞቲቭ ማደሪያዋን ቦታ መጀመሪያ በአዲስ ጠጠር ልሸፍነው አስቤ ነበር። ሐዲዱ ሲነሳ ግን አግዳሚዎቹ የተኙበት ቅርጽ በጠጠሩ ላይ ቀርቷል፤ እኩል እኩል የተራራቁ ጉድጓዶች። አልነካሁትም። ላዩ ላይ ትንሽ ደረቅ ሳር ነስንሼ ተውኩት።

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ያንን ቦታ አየችና «እዚህ ጋ ሐዲዱ የት ሄደ?» አለች።

«ነቅለውት ነው» አለቻት የእህቴ ልጅ፣ ካርዶቹን እየደረደረች። «ድሮ ሎኮሞቲቭ ያድርበት ነበር። አሁን ሥራ ቀንሷል።»